የበረዶው ስም

ከንጋቱ አሥራ ሁለት፤
ንጋት መባሉ ለወጉ ነው፣ ፀሐይ የለችበት።
በታኅሣሥ እዚህ፣ በአይስላንድ ሰሜን ባሕር ዳር፣
እስከ አምስት ሰዓት ተራራው ነው የሷ ብርድ ልብስ፣ የሷም አጥር።

እኔ ስቴይንቮር ነኝ፣ የፍል ውሃው ቁልፍ ጠባቂ፣
ሙቀት ለኪ፣ ፎጣ ቆጣሪ፣ የደረጃ በረዶ ዛቂ።
መንደሩ ይኸው ነው፦ አንድ ወደብ፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ የዓሣ ፋብሪካ፤
አደባባይም ሠርተን ነበር፣ ንፋስ ብቻውን ይሰበሰብበታል ለካ።

ገንዳው ክብ ነው፣ ስምንት ሰው ይይዛል፣
ዘጠነኛው ሲመጣ ጉልበት ይታጠፋል።
እስከ አገጭ ተነክሮ ማን ማንን ይበልጣል?
የከንቲባው ሆድ ይታያል፣ የቄሷ ጠባሳ ይታያል፣
ማዕረግ ከካቦርት ጋር መስቀያ ላይ ይቀራል።

ኦድጌርና ቶርግሪሙር፣ የአንድ እናት ልጆች፣
በአንድ ጀልባ ውርስ የተኳረፉ ሽማግሌዎች፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ የላቸው፤
ቀብር ላይ ቢገናኙ ሬሳው ነው መሐላቸው።
ጀልባዋስ ሳትሸጥ፣ ሳትቀዘፍ፣ በስብሳ አለቀች፤
ኩርፊያዋ ብቻ ቀለሟን ሳትለቅ ቀረች።

ውሃውን ግን ማን ይተው? መቅረት መሸነፍ ይሆንበታል፤
አንዱ በምሥራቅ ጠርዝ፣ አንዱ በምዕራብ ይነከራል።
እንፋሎቱ ግድግዳቸው ነው። እኛ ስለ ዓሣ ዋጋ እናወራለን፣
ስለ ዶሮቴያ ጉልበት፣ ስለ መንገዱ መዘጋት፤
እንደ ሁለት ድንጋይ አድርገን በመሐላቸው እንፈሳለን።

አንድ የጥር ማለዳ ቦዠና መጣች፣
ከፖላንድ፣ ዓሣ ልትበልት የተቀጠረች።
ስለ ኩርፊያው የሰማችው የለም፣ ቋንቋውን ገና ስትኮላተፍ፤
ክፍት ቦታ አየችና ቁጭ አለች፣ ልክ በድንበሩ አፍ።
ትንፋሻችንን ያዝን። እሷ እጇን ዘረጋች፣
የሚወርደውን በረዶ በመዳፏ ተቀበለች፤
ሰፋፊ ነው፣ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል።
«ይኼኛው» አለች፣ «ይኼኛው ምን ይባላል?»

«የውሻ መዳፍ» አላት ኦድጌር፣ ወደ እሷ ብቻ ዞሮ፣
«እናቴ እንዲህ ነበር የምትለው፣ ድሮ።»
ከወዲያኛው ጠርዝ፣ እንፋሎቱን ሰንጥቆ፣
«አይደለም!» አለ ድምፅ፣ አሥራ አንድ ዓመት ተደብቆ፤
«ያ ሲረጥብ ነው። ይኼ ‹እርጋታ› ነው፣ ንፋስ ያልነካው።
እናታችን ስታስተምረን ተኝተህ ነው፣ ያልሰማኸው።»

«እናታችን» አለ።
ውሃው ራሱ የሰማ መሰለ።
ዶሮቴያ የጀመረችውን የጉልበት ወሬ ዋጠች፤
ቄሷ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ እግሯ ጣቶች አየች።
«እኔ? ትኩሳት ይዞኝ ነበር እንጂ አልተኛሁም!»
«ትኩሳቱ የኔ ነበር!» «ያንተስ ኩፍኝ ነው፣ ያን ቀን አይደለም!»
ቦዠና አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣
ሁለቱን ስም ልትይዝ ስትታገል፣
ያ በመዳፏ የነበረው ቀልጦ ፈሰሰ።

ታረቁ አላልኩም። ዛሬም በየጠርዛቸው ይገባሉ፤
ግን ገና ሳይሞቃቸው በሰማዩ ስም ይጣላሉ።

ባለፈው ሳምንት ኦድጌርን ጉንፋን ጣለው፣ ቀረ።
ቶርግሪሙር ገባ፣ ባዶውን ጠርዝ አየ፣ አቀረቀረ፤
ስለ ሰማዩም ምንም አልተናገረ።
ቆይቶ፣ «ስቴይንቮር፣ ውሃው ዛሬ ምነው በረደ?
እስኪ ለኪው» አለኝ።
ለካሁት። ሠላሳ ዘጠኝ፤ አንድም መስመር አልወረደ።
«እውነትህን ነው» አልኩት፤ ምን ልበለው ታዲያ?
ፀጉሩ ሳይደርቅ ወጣ፤ አካፋዬን ተዋሰኝ፣ የበረዶ መዛቂያ።
የራሱ እንዳለው አውቃለሁ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ያውም ሁለት፤
አልጠየቅሁም። ወደ ኦድጌር ቤት ነው የታጠፈው፣
በዚያ ጨለማ፣ ገና ከንጋቱ አንድ ሰዓት።